የትኛውን ዋህዳን?

ዱምያጥ፣ ፌብሩዋሪ 6

ለተከበሩ ወንድሜ ለሱብሂ ዋህዳን፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት ያግኛችሁ። አላህ በሰው አገር ክብርና ሞገስ ይስጣችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አጭር መልእክት ልልክልዎ አስቤ ነበር። አክስቴ ኢንሺራህ ግን «ለማያውቁት ዘመድ ሰላምታ ሳያቀርቡ ችግር መዘርገፍ በር ሳያንኳኩ ሳሎን እንደ መግባት ነው፤ እንደ ሰው ጻፊለት» አለችኝ። ስለዚህ እንደ ሰው ልጻፍ።

ራውያ እባላለሁ፤ የአናጢው የሉጥፊ ዋህዳን ልጅ ነኝ። እርስዎ ወደ ጣልያን የሄደው የሙኽታር ዋህዳን ልጅ ከሆኑ፣ አባቶቻችን በአባት አንድ በእናት የተለያዩ ወንድማማቾች ናቸው። ካልሆኑ ደግሞ ይቅርታዎን፤ ዋህዳን የሚባል ሰው ብዙ ነው። የኔም ችግር ይኸው ነው።

በከተማችን «ዋህዳን» የሚል ታፔላ የሰቀሉ ሁለት የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። አንዱ የአባቴ ነው። ሌላው የአባትዎ የእናት ልጅ የሆነው የአጎቴ የፊክሪ ነው። ሁለቱም በአንድ ጎዳና ላይ ናቸው፤ ሁለቱም በታፔላቸው ላይ አንዲት ቃል አይጨምሩም። የጨመረ ሰው ሌላውን «ዋናው አንተ ነህ» እንዳለ ይቆጠርበታል። በዚህ የተነሳ ከለቅሶ ቤት በቀር ሳይነጋገሩ ኖሩ።

አሁን ግን በራስ አል-በር የሚገኝ አንድ ሆቴል ለክፍሎቹ ሁሉ ከእኛ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ከአጎቴ ደግሞ አልጋና ቁም ሳጥን ፈለገ። ቅድመ ሁኔታው ዝርዝሩም ሂሳቡም አንድ እንዲሆን ነው። አክስቴ ሁለቱን በግድ አስቀመጠቻቸው፤ እሺ አሉ። ይህ ሥራ ካመለጠን አባቴ ከበዓል በኋላ ቤቱን ይዘጋል። ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ቤቱን ለመረከብ እየጠበቀ ነው።

ይህን አንድ ዝርዝር የሚያወጣውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ። ከኢንተርኔት ራሴን ያስተማርኩ ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። የአጎቴ ልጅ ሐምዲ የእነሱን ቤት ዋጋና ልክ ጻፈ፤ እኔ የእኛን። እሱ የእነሱን «ዋህዳን» ብሎ ሰየመው፤ እኔም የእኛን «ዋህዳን» አልኩት። ሌላ ስም ብናወጣ ሁለታችንም ቤት አንገባም ነበር። ከዚያ በዋናው ፋይል ሁለቱንም ከነሙሉ ዕቃቸው አስገባኋቸው። ኮምፓይለሩ ግን እንዲህ ብሎ ይመልሰኛል፦ «ስህተት፦ ‹ዋህዳን› አሻሚ ማጣቀሻ።» ሌላ ቃል የለውም።

አባቴ «ይህ ኮምፓይለር የምትዪው ሰውዬ ማን ነው?» አለኝ። «የጻፍኩትን አንብቦ ለማሽኑ የሚያስረክብ፣ እንከን ካገኘ የሚመልስ ነው» ስለው «ጉምሩክ ነዋ» አለኝ። ደህና ገብቶታል።

የእኛን አስቀድሜ አስገባሁ፤ እንቢ አለ። የእነሱን አስቀደምኩ፤ እንቢ አለ። የእነሱን ብሰርዝ እሺ አለ፤ ግን አልጋዎቹ ሁሉ ጠፉ። የስህተቱን ቃል ስፈልግ ስለዚሁ ኮምፓይለር ሰዎች በሚወያዩበት ገጽ ላይ ስምዎን አየሁ። «እርስዎ የትኛው ዋህዳን ነዎት?» ብዬ ለመጠየቅ ደፈርኩ።

አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ራውያ ሉጥፊ

*

ቶሪኖ፣ ማርች 1

ለእህቴ ለራውያ፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባትሽንና አክስትሽን አላህ ይጠብቅልሽ። እኔ የሙኽታር ልጅ ነኝ። አባቴ ከሞተ ሰነበተ። ዐረብኛዬ የእሱ ነው፤ ሻካራ ከሆነብሽ ታገሺኝ።

ስለ መዘግየቴ እውነቱን ልንገርሽ። ከአገር ቤት ዘመድ ነኝ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ጥያቄ ይከተለዋል፤ እናም ሳልከፍተው ቆየሁ። ስከፍተው የስህተት መልእክት አገኘሁበት። እንዲህ ያለ ልመና ደርሶኝ አያውቅም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። «አስገባ» ስትዪ ዕቃውን ተሸክመሽ አታመጪም። በአጭር ስሙ ለመጥራት ፈቃድ መውሰድሽ ነው። ከሁለት ቤት ሙሉ ፈቃድ መውሰድ ጥፋት የለውም፤ ኮምፓይለሩም ዝም ይላል። የሚናገረው በሁለቱም ቤት ያለውን ስም በአጭሩ የጠራሽ ጊዜ ነው። ማንን ቀድመሽ እንዳስገባሽ አይመለከትም፤ ሠርግ ቤት አይደለም፣ የክብር ወንበር የለውም።

አትዘኚበት። ቢገምትልሽ ኖሮ ደስ ይልሽ ነበር፤ ከዚያ ሆቴሉ አልጋ አዝዞ ወንበር ይደርሰው ነበር። አላውቅም ማለቱ ለአንቺ አዝኖ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ እያንዳንዱን ከየት እንደመጣ ጨምረሽ በሙሉ ስሙ ጥሪው፤ ወይ ስታስገቢ ለአንደኛው ቅጽል ስም አውጪለት። ሁለተኛው ይቀላል።

ለአጎቴ ለፊክሪ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አይቼው አላውቅም።

ሱብሂ ዋህዳን

*

ዱምያጥ፣ ማርች 3

ለውድ ወንድሜ ለሱብሂ፣

ሰላምታዬ ከእናንተ ዘንድ ካለው ቅዝቃዜ የበለጠ ሞቅ ብሎ ይድረስዎ። አላህ አባትዎን በጀነት ያኑርልን። አባቴ መሞቱን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብለት መጋዙን አስቀመጠና «ዋና ያስተማረኝ ሙኽታር ነበር» አለ። ከዚያ በፊት ስለ አባትዎ አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም።

ፕሮግራሙ ሠራ። እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ለሐምዲ ክፍል ቅጽል ስም አወጣሁለት፤ አልጋውም ወንበሩም በአንድ ዝርዝር ወጣ። ገንዘብስ ቢሆን ምን ነበረበት ብላ አክስቴ ስቃብዎታለች፤ «ጣልያን የገባ ዱምያጣዊ ከኪሱ በፊት ደብዳቤውን ይቆልፋል» አለች። እኔ አልተቀየምኩም። ገንዘብ ቢልኩልኝ ይህን ያህል አልደሰትም ነበር።

አንድ ነገር ልናገር፣ ድፍረት ካልሆነብኝ። አክስቴ በበዓል ቀን «ዋህዳን!» ብላ ስትጣራ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ብድግ ይላሉ፤ የአያቱን ስም ያልያዘ ቤት የለንም። ያን ጊዜ «አሻሚ ማጣቀሻ» አትልም። «አንደኛው ዋህዳን ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ሌላው ከመስኮቱ ሥር፤ እኔ የፈለግኩት የመስኮቱን ነው» ትላለች። ይህ ኮምፓይለር ሁለቱን ዋህዳኖች የት እንዳገኛቸው እያወቀ ለምን አይነግረኝም? ማወቁንስ ያውቃል፤ ባያውቅ ግራ ባልገባው ነበር። ሁለቱን ቢጠቁመኝ ኖሮ እርስዎን አላስቸግርም ነበር። ደግነቱ አልጠቆመኝም።

እህትዎ ራውያ

*

ቶሪኖ፣ ማርች 9

ለእህቴ ለራውያ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤቱ ሁሉ። «እርስዎ» ማለቱን ተይልኝ፤ በሥራ ቦታዬ አለቃዬ እንኳ እንዲህ አይጠራኝም።

ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ ተረጎምኩላቸው። ያ መልእክት የሚወጣው ኮምፓይለሩን ከምንሠራው ከእኛ ክፍል ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት የተጻፈ ነው፤ እኛም በየቀኑ እያየነው ለምደነው ማንም አልነካውም። የአክስትሽን ነገር ስነግራቸው አንደኛዋ «ልክ ናት፣ ሁለቱን ቦታ እናውቃለን እኮ፤ ጥያቄው ለምን እንደማንናገረው ነው» አለች። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሥራ ይህ ነው። እኔ ነኝ የማመሰግነው።

አባቴ ዋና ማስተማሩን አላውቅም ነበር። እዚህ ወደ ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚቀመጠው። ሌላም የምታውቂው ካለ ጻፊልኝ።

ሱብሂ

*

ዱምያጥ፣ ማርች 14

ሱብሂ ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እሺ፣ «አንተ» ብያለሁ። ግን ይህን አንብበህ ስትጨርስ ልትቆጣኝ ትችላለህ።

ለሐምዲ ክፍል ያወጣሁት ቅጽል ስም «ዋህዳን ሁለት» ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ለሙከራ ሳትም ግን በዝርዝሩ አናት ላይ ቁጭ ብሎ ወጣ። አጎቴ ፊክሪ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ወረቀቱን አጣጥፎ አባቴ እጅ ላይ አኖረና «ሁለተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው። መልካም፤ አንደኛው አልጋውንም ይሥራው» ብሎ ወጣ።

ተከትዬው ሄድኩ። «ኮምፒውተሩ ነው እኮ አጎቴ» አልኩት። «ኮምፒውተሩን ማን ወለደው? የሉጥፊ ልጅ» አለኝ።

ቁጥሩን ወደ አባቴ ባዞረው አባቴ ይወጣል። «የአልጋው» እና «የወንበሩ» ልበላችሁ ስላቸው አጎቴ «ወንበር አልችልም ማለት ነው?» አለ። በየራሳችሁ ስም ልጥራችሁ አልኩ፤ ሁለቱም «እሱ ይጨምርበት፣ እኔ ብቻዬን በአባቴ ስም እቆያለሁ» አሉ። ሆቴሉ እስከ ረመዳን አጋማሽ መልስ ይፈልጋል። አባቴ አንዱን ሠራተኛ አሰናብቷል። እኔ ይህን ሥራ ያበላሸሁት በአንዲት ቁጥር ነው።

ያንተ ወገን ነው የተነካው፤ ምን እንደምትል አላውቅም። ግን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ራውያ

*

ቶሪኖ፣ ኤፕሪል 8

ለእህቴ ለራውያ፣

አሰላሙ አለይኩም። ረመዳን ሙባረክ፤ አላህ ጾማችሁን ይቀበል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም፤ መጀመሪያ ይህን እመኚልኝ።

አጎቴ ፊክሪ ደውሎልኝ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰማሁ፤ የአባቴ ድምፅ ነው። «የእነሱ ልጅ ሁለተኛ አደረገችን፣ ያንተም ምክር አለበት አሉ» አለኝ። ጥፋቱ የምክሩ ነው አልኩት። ካንቺ ላይ ይውረድልሽ።

እኔ ይቀላል ያልኩሽ መንገድ ለአንድ ሰው ብቻ የሚቀል ነው። አንዱን በቅጽል ጠርቶ ሌላውን በአጭር ስሙ መተው ለአንደኛው ባዶውን ስም ማውረስ ነው። ትክክለኛው የመጀመሪያው መንገድ ነበር፤ ሁለቱም ከየት እንደመጡ ይጨመርባቸው፣ ባዶው «ዋህዳን» የማንም አይሁን። እሱ የአያታችን ነው፤ እሱም ሞቷል።

ታዲያ ከየት መጡ? አባታቸው አንድ፣ ጎዳናቸው አንድ፣ ሙያቸው አንድ። የሚለያቸው እናታቸው ብቻ ናት። ይህን ካሰብኩ በኋላ የአያቴን ስም ልጽፍልሽ ብዕር አነሳሁ፤ አላውቀውም። አባቴ «እሙ ሙኽታር»፣ የሙኽታር እናት፣ እያለ በራሱ ስም ነበር የሚጠራት። የአባቴን ወረቀቶች ሁሉ አገላበጥኩ፤ ጎረቤቶቹ የነበሩ ሽማግሌዎችን ጠየቅኩ። አንደኛው «የሰው እናት ስም ይጠየቃል እንዴ?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ፤ ከዚያ ወዲያ የተቆጣውን አጎቴን መጠየቅ አልደፈርኩም። የዘገየሁት ለዚህ ነው።

እባክሽ አክስትሽን ጠይቂልኝ። ለፕሮግራሙ ብቻ አይደለም።

ሱብሂ

*

ዱምያጥ፣ ኤፕሪል 17

ለውድ ወንድሜ ለሱብሂ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ደስታህን ሙሉ ያድርግልህ፤ እኛን እንዳስደሰትከን።

አያትህ ሰኒያ ትባላለች። አያቴ ዘህራ።

ደብዳቤህን ለአክስቴ ሳነብላት መጀመሪያ አፏን ያዘች። እዚህ ወንዶቹ የእናታቸውን ስም በገበያ ከሚያስጠሩ ጥርሳቸውን ቢያስነቅሉ ይመርጣሉ፤ አንተ እዚያ አድገህ ነው እንዲህ የሚቀልህ። ከዚያ ግን መናገር ጀመረች። ለካ ሁለቱ ጣውንቶች በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር ነበሩ። አያታችን የሚሠራውን ወንበር በጥጥ እየነከሩ ቫርኒሽ የሚቀቡት አብረው ነበር። ኢንሺራህ ስትወለድ አያቴ ዘህራ ታማ ጡቷ ደረቀ፤ አያትህ ሰኒያ ሙኽታርን በአንድ ጡት፣ ኢንሺራህን በሌላው አሳደገች። «እኔ የሁለቱም ልጅ ነኝ፤ እነዚህ ሁለት ደረቆች ግን ማንን ጠይቀው ተጣሉ?» አለች።

ትናንት ሁለቱንም ለኢፍጣር ጠራቻቸው። እኔ ፕሮግራሙን አስተካክዬ ነበር። የሐምዲን ክፍል «ሰኒያ»፣ የእኛን «ዘህራ» በሚባል ቤት ውስጥ አስገባሁ፤ ዋህዳን የሚለውን ስም በሁለቱም ውስጥ እንዳለ ተውኩት። አሁን ስጠራቸው የሰኒያ ዋህዳን፣ የዘህራ ዋህዳን ብዬ ነው።

ቴምሩ ተበላ፣ ሾርባው ተጠጣ፤ አክስቴ «አሳያቸው እንጂ፣ ሐምዲ» አለች። ኮምፒውተሩን ከፊታቸው አደረገው። አጎቴ ፊክሪ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ፊቱ ቀላ።

«የእናቴን ስም እዚህ ላይ ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች አክስቴ። «ጡቷን የጠባሁት እኔ ነኝ። ካልወደድከው ሰርዘው።»

«ኢንሺራህ፣ ይህ ዝርዝር ወደ ሆቴሉ ይሄዳል እኮ» አለ አጎቴ።

«ይሂዳ። ያችኛዋን ቁልፍ ተጫን፤ በገዛ እጅህ የእናትህን ስም ሰርዝ። እኔ እያየሁህ።»

ወንዶቹ ሁሉ ወደ ሳህናቸው አዩ። አባቴም ለአፍታ ከእናቱ ስም ጋር ተፋጠጠ። አጎቴ ጣቱን እስከ ቁልፉ አቀረበ፣ ከዚያ መለሰው። ለረጅም ጊዜ ሲያነብ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ «ፊደሉ አንሷል፤ አተልቂው» አለኝ።

አባቴም ወዲያው «የእናቴንም» አለ። አክስቴ እስክታነባ ሳቀች።

ዛሬ ዝርዝሩን ለሆቴሉ ላክን፤ ተቀበሉት። ያ ሠራተኛም ተመልሷል። አጎቴ በአልጋዎቹ ማሸጊያ ካርቶን ላይ ሳይቀር «ዋህዳን፣ የሰኒያ ልጆች» ብሎ እያስጻፈ ነው። አባቴ ይህን ሰምቶ «እኔ እንዳልቀር» እያለ ቀለም ሊገዛ ሄደ። ፉክክሩማ አልቀረም፤ ግን አሁን አንድ ላይ ሆነው ነው የሚፎካከሩት።

ለዚህ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። አንተ ባትጠይቅ ማናችንም አንጠይቅም ነበር።

እህትህ ራውያ

*

ቶሪኖ፣ ሜይ 4

ለእህቴ ለራውያ፣ ለአክስቴ ለኢንሺራህ፣ ለአጎቶቼ ለሉጥፊና ለፊክሪ፣

ኢድ ሙባረክ። በየዓመቱ በደህና ያድርሳችሁ፤ ሁለቱ እናቶች ባሉበት ምሕረት አይለያቸው።

ደብዳቤሽን ሥራ ላይ ሆኜ ነው የከፈትኩት፤ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አላለፍኩም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በልጇ ስም ያወቅኳት ሴት ስም ነበራት፤ አባቴ ምን ብሎ ሲጠራት እንደኖረ ሳይሆን ሰዎች በዚያ በቤታቸው ደረጃ ላይ ምን ብለው እንደጠሯት አወቅኩ። አክስቴ ኢንሺራህ፣ አባቴ ከአንቺ ጋር አንድ ጡት ተካፍሎ እንዳደገ አልነገረኝም። ምናልባት ለመናገር የከበደው ይህ ይሆናል። አላህ ይስጥልኝ፤ ከዚህ የበለጠ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

አዲሱ መልእክት ተጠናቋል፤ በሚቀጥለው ወር ከኮምፓይለሩ ጋር ለዓለም ይወጣል። ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «‹ዋህዳን› በሁለት ቦታ አለ፦ በዘህራና በሰኒያ። የትኛውን ነው የፈለግከው?» በሌላ ሰው ፕሮግራም ሌላ ስም ይገባበታል፤ ይህ የመፈተኛው ምሳሌ ነው።

ስለ መፈተኛው ግን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ስናስተካክል ተመልሶ እንዳይበላሽ ትንሽ ፕሮግራም እንጽፍለታለን፤ ከዚያ በኋላ ማንም አንዲት ፊደል በቀየረ ቁጥር ማሽኑ ያን ፕሮግራም ያስኬደዋል። ለዚህኛው የጻፍኩት ያንቺን ነው፣ ራውያ፤ ሁለቱ ቤቶች ከነስማቸው አሉበት። ባልደረባዬ «እነዚህ ስሞች የማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «የአያቶቼ» አልኳት። ስለዚህ እዚህ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ፣ ማሽኑ ሁለቱን በየስማቸው ይጠራና አንዷን ከሌላዋ ሳያምታታ መለየቱን ያረጋግጣል። ካልለየ ምንም ነገር ከክፍላችን አይወጣም።

በበጋ ልመጣ አስቤአለሁ። ጣቢያ የሚቀበለኝ ሰው «ዋህዳን» ብሎ ከተጣራ ግማሹ ዱምያጥ ዞር እንዳይል፣ እንዴት እንደምጠራ ከታች ጽፌላችኋለሁ።

ሱብሂ፣ የሙኽታር ልጅ፣ የዋህዳን፣ የሰኒያ